እቤት ሰፊ፣ ቢሮ ጠባብ

ደብዳቤው ረጅም ነበር፣ ዋና ዋናውን ብቻ ላስቀምጥ።

"አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። 27 ዓመቴ ነው፣ አዳማ ነው የምኖረው፣ አንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። አባቴ የወሎ ሰው ነው፣ መውሊድ ሲደርስ በግ የሚያርድ፣ ሐሙስ ማታ ጎረቤት ሰብስቦ ቡና አስፈልቶ ዱዓ የሚያስደርግ፣ መንዙማ ሲሰማ እንባው የሚመጣ ዓይነት። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሁለት ዓመት ሆነው ደርስ መከታተል ከጀመረ፣ አሁን መውሊዱም ሐሙሱም ቢድዓ (ዲን ላይ የተጨመረ አዲስ ነገር) ነው ሽርክ (በአላህ ማጋራት) ነው ይላል። ዘንድሮ በጉ ሲታረድ ከቤት ወጥቶ ሄደ፣ ማታም መጥቶ ከድስቱ አልቀመሰም፣ ክፍሉ ገብቶ ዳቦ በሻይ በልቶ ተኛ። አባቴ 'ወሃብያ ወለድኩ' ብሎ ለጎረቤት አወራ። ይኸው አይነጋገሩም። ወንድሜን 'እስልምና ሰፊ ነው፣ ዑለማዎችም ተለያይተዋል፣ ምናለ ብትተወው' ስለው 'ሐቅ አንድ ናት' ይለኛል። በዛ ላይ ቢሮ የምወዳት ባልደረባ አለችኝ፣ ኦርቶዶክስ ናት፣ አምስት ዓመት ምሳ አብረን ነው የበላነው። በቀደም 'አጋሪዎችን ባገኛችሁባቸው ስፍራ ግደሏቸው' የሚለውን አንቀጽ ስክሪንሾት ቴሌግራም ላይ ልካ 'ይሄ ምንድነው ግን?' አለችኝ። ተናደድኩና 'እስልምና ሰላም ነው፣ እስልምና አንድ ነው፣ ዐረብኛ ሳታውቂ አትንኪው' ብዬ ጻፍኩላት። ከዛ ወዲህ ምሳ ለየብቻ ነው። ማነው ትክክል? እሷንስ ምን ልበላት? መሃል ላይ የቆምኩት፣ ከአዳማ።"

ወዐለይኩም ሰላም ወረሕመቱላህ የኔ እህት።

መጀመሪያ ሳነበው የወንድምሽና የአባትሽ ነገር ነው ሆዴን የበላው፣ ያቺ ዳቦ በሻይ። ሁለተኛ ስደግመው ግን ሌላ ነገር አየሁ፣ አንቺው ጽፈሽው ያላየሽው መሰለኝ። እቤት ወንድምሽን እስልምና ሰፊ ነው ትይዋለሽ። ቢሮ ስትደርሺ ጓደኛሽን እስልምና አንድ ነው ትያታለሽ። ከቤትሽ ቢሮሽ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? እዛች መንገድ ላይ ነው ያ ሰፊ ያልሽው ነገር የጠበበው።

ልወቅስሽ አይደለም፣ እኔም ስንት ዓመት እንደዛ ነበርኩ። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ሲጠይቀን በመሃላችን ያለውን ልዩነት እንደ ቤት ገበና ነው የምንሸፍነው፣ ከሸፈንነው በኋላ ደግሞ እጃችን ላይ የሚቀረው ወይ መፈክር ነው ወይ ቁጣ፣ አንቺማ ሁለቱንም ነው የላክሽላት ሃሃ። እና ምን መሰለሽ፣ ልዩነቱ ገበና አይደለም እኮ። ሁሉም ኪታብ ላይ ተጽፎ ያለ፣ መስጊድ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ የሚቀራ ነገር ነው።

አስቀድሜ ልናገር፣ ዓሊም አይደለሁም። ልጅ ሆኜ እዚሁ አዳማ ሎህ ይዤ ቁርኣን ቤት የሄድኩ፣ በኋላም ሲገባኝም ሳይገባኝም ደርስ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ፣ ፈትዋ ከፈለግሽ ዓሊም ጋ ሂጂ። ግን እዛ ተቀምጬ ያየሁት ነገር አለ፣ ኪታብ የሚያቀሩት ሸይኾች ከቲክቶክ ሰባኪዎቹ የሚለዩት "በዚች ላይ ሁለት ቀውል (ሁለት የዓሊሞች አቋም) አለ" ሲሉ ስለማያፍሩ ነው።

አንድ ቀን፣ አስራ ስድስት ዓመቴ ይሆናል፣ ውዱእ (የሶላት ትጥበት) አድርጌ ታክሲ ውስጥ ገባሁ፣ ረዳቱ መልስ ሲሰጠኝ እጄን ነካኝ። እኛ እንደ አብዛኛው የሀገራችን ሙስሊም ሻፍዒይ ነን፣ የኢማሙ ሻፍዒይ ተከታዮች፣ በሻፍዒይ ደግሞ ባዕድ ወንድና ሴት ቆዳ ለቆዳ ከተነካኩ ውዱእ ፈረሰ ማለት ነው። በዛ ቀን ሦስተኛዬ ነበር፣ አንዴ ረዳት፣ አንዴ ሱቅ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ረዳት፣ ብስጭቴ ሊያስለቅሰኝ ደርሶ የሚያቀሩን ሸይኽ ጋ ሄጄ ነገርኳቸው። ሳቁ። ከዛ ሱረቱል ማኢዳ ላይ ያለችውን ቃል አወጡልኝ፣ "ሴቶችን ብትነኩ" የምትለዋን። ኢማሙ ሻፍዒይ መንካት ያው መንካት ነው ብለው ያዙት፣ ኢማም አቡ ሐኒፋ ደግሞ ይሄ የባልና ሚስትን ነገር በጨዋ ቃል መናገር ነው አሉ፣ ስለዚህ እሳቸው ጋ የረዳት እጅ ውዱእ አያፈርስም። ሐጅ ላይ ጠዋፍ ሲዞር በዛ ግፊያ መሃል ሻፍዒዩ ምን እንደሚያረግ ጠይቂ፣ ብዙው ሰው የሌላውን ኢማም ቀውል ይዞ ነው የሚዞረው፣ ዓሊሞቹ ራሳቸው ናቸው እንደዛ የሚመክሩት።

አንዲት ቃል ናት። ደግሞ ዐረብኛ የማያውቅ ማናቸው ነበሩ? አቡ ሐኒፋ እ.ኤ.አ. በ767 ነው የሞቱት፣ ሻፍዒይ በዛው ዓመት ነው የተወለዱት፣ ሁለቱም ዕድሜያቸውን እዛው ቋንቋ ውስጥ ነው የጨረሱት፣ እና ተለያዩ። የተፈታች ሴት ሦስት "ቁሩእ" ትጠብቅ የሚለውንም እይው፣ ቃሉ በዐረብኛ የወር አበባም ነው፣ በሁለት የወር አበባ መሃል ያለው ንፁህ ጊዜም ነው፣ ሐነፊዮች (የአቡ ሐኒፋ ተከታዮች) የመጀመሪያውን ያዙ፣ ሻፍዒይና ማሊኪ ሁለተኛውን፣ አንዷ ሴት ዒዳዋ (የመጠበቂያ ጊዜዋ) ያለቀ ቀን ሌላዋ ገና ትጠብቃለች። ስለዚህ ለጓደኛሽ የላክሽላት "ዐረብኛ ሳታውቂ" የሚለው መልስ አይደለም፣ በር መዝጊያ ነው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ።

ወንድምሽ "ሐቅ አንድ ናት" ማለቱ ልክ ነው፣ እኔም አምናለሁ፣ አባትሽም ያምናል። ጥያቄው ሐቋን ይዣታለሁ ብሎ ማን ይማልላት ነው። ሱረቱ አሊ ዒምራን ቁጥር 7 ላይ ቁርኣን ራሱ ስለራሱ ይናገራል፣ ግልጽ የሆኑ አንቀጾች አሉ፣ የሚያመሳስሉ አንቀጾችም አሉ ይላል፣ ከዛ "ትርጉሙን አላህ እንጂ ማንም አያውቀውም" ይላል፣ ቀጥሎ "በዕውቀትም የጠለቁት" ይመጣል። ትንፋሽሽን "አላህ እንጂ" ላይ ከቆረጥሽ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፣ ዓሊሞቹ "አመንበት" ብለው ያልፋሉ። ሳትቆርጪ ከቀጠልሽ ግን በዕውቀት የጠለቁትም ያውቁታል ማለት ይሆናል። ሁለቱም አቀራር ከጥንቶቹ ሙፈሲሮች (የቁርኣን ተርጓሚዎች) ተይዟል። እዪው እንግዲህ፣ ትርጉምን ማን ያውቃል የምትለዋ አንቀጽ ራሷ ሰው የት ላይ ይተንፍስ በሚለው ሁለት ሆናለች! ይቺን ለወንድምሽ አሳዪው፣ ክርክር ለመርታት ሳይሆን፣ ልጁ እውቀት የሚወድ ይመስላል፣ ይገርመዋል።

የመውሊዱ ነገር ደሞ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ወንድምሽ ሰሓባዎች (የነቢዩ ባልደረቦች) አላከበሩትም ይላል፣ አላከበሩትም፣ መውሊድ በስንት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ነው፣ "ቢድዓ ሁሉ ጥመት ነው" የሚለውም ሐዲስ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ ስብስብ ላይ አለ። አባትሽም (ኪታቡን ባይጠቅስም) ከኋላው ሰዎች አሉት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰኞ ለምን እንደሚፆሙ ሲጠየቁ የተወለድኩበት ቀን ነው ብለዋል፣ እሱም ሙስሊም ላይ ነው። ኸሊፋው ዑመር ሰዉን ለተራዊሕ (ለረመዳን የሌሊት ሶላት) በአንድ ኢማም ሲሰበስቡ "ምንኛ ያማረች ቢድዓ ናት" ማለታቸው ቡኻሪ በሚባለው ሌላው ስብስብ ላይ አለ፣ ታላቁ ዓሊም ሱዩጢ መውሊድን ደግፈው ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፈዋል። ወንድምሽ ምናልባት የማይሰማው ነገር ደግሞ የጥንቱ ዓሊም ኢብን ተይሚያ ያሉት ነው። መውሊድን ቢድዓ ነው ያሉ ናቸው፣ እሱ ደርስ ላይ ስማቸው ሳይነሳ አይውልም፣ ግን እሳቸው ራሳቸው ለነቢዩ ካለው ፍቅር የተነሳ የሚያከብር ሰው ለኒያው (ለልቡ ሐሳብ) ትልቅ አጅር (ምንዳ) ሊያገኝ ይችላል ብለው ጽፈዋል። ስህተት ነው ማለትና ሰውየውን መጣል አንድ እንዳልሆነ ኢብን ተይሚያ ገብቷቸው ነበር፣ ደርሱን ቆርጦ ፖስት የሚያረገው ልጅ ግን ያቺን ክፍል አያስገባትም።

አንድ ነገር ላይ ግን ወንድምሽን በግልጽ እቃወማለሁ። "ቢድዓ ነው፣ ሽርክ ነው" ብሎ አንድ ላይ ጠቅልሎታል ብለሻል። ሁለቱ አንድ ቃል አይደሉም። ከአላህ ሌላ ላለ መለመን፣ ቀብር ላይ ሄዶ ከሟቹ መጠየቅ፣ እሱ ተውሒድን (የአላህን አንድነት) የሚነካ ከባድ ጉዳይ ነው፣ እዛ ላይ የልጁ ጭንቀት ይገባኛል፣ አባትሽ እንደዛ ካደረገ ቁጭ ብለው ማውራት አለባቸው። ጎረቤት ጠርቶ ቡና አፍልቶ አላህን መለመን፣ ለነቢዩ ሶለዋት ማውረድ ግን በየት በኩል ነው ሽርክ የሆነው? በቃሉ ይጠንቀቅ በይው።

ወደ በኒ ቁረይዟ (መዲና የነበረ የአይሁድ ጎሳ ነው) ሲኬድ መንገድ ላይ የሆነውንም ታውቂው ይሆናል። ነቢዩ ለሰሓባዎቹ "ማንም የዐስርን ሶላት በኒ ቁረይዟ ጋ እንጂ እንዳይሰግድ" አሏቸው፣ መንገድ ላይ ሰዓቱ ደረሰ። ገሚሱ ቃሉ ቃል ነው ብሎ እዛ እስኪደርስ ሳይሰግድ ቀረ፣ ገሚሱ "ፍጠኑ ማለታቸው ነው እንጂ ሶላቱን አሳልፉ አላሉንም" ብሎ መንገድ ላይ ሰገደ። ነገሩ ሲነገራቸው ነቢዩ አንዱንም ወገን አልወቀሱም። ነቢዩ በሕይወት እያሉ፣ ሄዶ መጠየቅ በሚቻልበት ጊዜ የሆነ ነገር ነው ይሄ። እና ደግሞ እዪልኝ፣ ሁለቱ ወገን በዚህ ተኳረፉ የሚል አልተወራም፣ ዳቦውን ይዞ ክፍሉ የገባ የለም።

ስለዚህ የድስቱን ነገር ተዪው፣ ህሊናው ካልፈቀደለት አይብላ፣ ማንም አያስገድደው። ዳቦውን ግን አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ይብላ። ሱረቱ ሉቅማን ቁጥር 15ን አስታውሺው፣ ወላጆችሽ በእኔ እንድታጋሪ ቢታገሉሽ እንኳን አትታዘዢያቸው፣ በዱንያ ግን በመልካም ተወዳጂያቸው ነው የሚለው። በሱ አባባል እንሂድ ብንል፣ የአባትሽ ነገር ሽርክ ነው ብንል እንኳን፣ አንቀጹ ኩርፊያ አይፈቅድለትም። ይሄን በኔ ስም ሳይሆን አንቀጹን ከፍተሽ ስጪው፣ አንቺ ምንም አትጨምሪ።

አባትሽ ጋ ያለው ሥራ ያንቺ ነው። "ወሃብያ ወለድኩ" ብሎ ለጎረቤት ማውራት ልጁን ከቤት እያስወጣው ነው፣ እና ሴት ልጅ የምትለውን አባት ይሰማል። ቡናውን ስታቀርቢለት "አባ፣ ልጅህ አምስት ወቅት ይሰግዳል፣ አይቅም፣ አይጠጣም፣ ስንቱ ይሄን ፈልጎ አጥቷል" በይው። ሌላ አትበዪ፣ ወሎዬ ሲገባው ይገባዋል።

አሁን ጓደኛሽ። እቤት የአማርኛው ቁርኣን ካለ ሱረቱ ተውባን አውጪ፣ ምዕራፍ 9፣ ያቺ ስክሪንሾት ቁጥር 5 ናት። ቁጥር 4 ላይ ውል ገብታችሁ ውላቸውን ያላፈረሱትን፣ ማንንም በእናንተ ላይ ያልረዱትን ቃላቸውን እስከ ጊዜው ሙሉላቸው ይላል። ቁጥር 6 ላይ ከአጋሪዎች አንዱ ጥገኝነት ቢጠይቅህ አስጠጋው፣ የአላህን ቃል ይስማ፣ ከዛ ሰላም ወደሚያገኝበት ስፍራ አድርሰው ይላል። ወረድ ስትዪ ቁጥር 13 መሐላቸውን ስላፈረሱ፣ መልእክተኛውን ለማስወጣት ስላሰቡና መጀመሪያ ጦር ስለከፈቱ ሰዎች ያወራል። ባገኘህበት ግደል የተባለውን ሰው ዞረሽ ቀጣዩ መስመር ላይ ሸኘው ስትባዪ፣ ነገሩ የሆነ ጦርነት፣ የሆነ ውል፣ የሆኑ ሰዎች ጉዳይ መሆኑ ይታያል።

ግን እዚህ ላይ አቁመሽ እፎይ እንዳትዪ፣ ሐቀኛ እንሁን ካልን ሙሉውን ነው። ከጥንቶቹ ሙፈሲሮች ውስጥ ይቺ ቁጥር 5 ስለ ትዕግስትና ይቅርታ የሚያወሩ ከመቶ በላይ አንቀጾችን ሽራለች ያሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ኧረ ይሄ ሽረት በዛ ብለው ቆጠራውን ቀነሱት፣ ሱዩጢ በጠቅላላው ቁርኣን ውስጥ የተሻሩትን ወደ 20 አወረዷቸው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሕንዱ ሻህ ወሊዩላህ 5 ብቻ ናቸው አሉ። ዛሬ መሳሪያ ይዘው የሚዞሩት ቡድኖች የፊተኛውን ንባብ አንስተው፣ እነዛ ዓሊሞች ያስቀመጡትን የጦርነት ሕግና ገደብ ሁሉ ጥለው ነው የሚጠቀሙበት። ስለዚህ ጓደኛሽ ከሜዳ አላመጣችውም። አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ፣ ያ መሳሪያ የያዘው ሰውዬና ያንቺ ጓደኛ አንቀጹን የሚያነቡት አንድ ዓይነት ነው፣ ከላይም ከታችም ቆርጠው። ልዩነቱ እሷ ፈርታ ነው ያነበበችው።

አንቺም ደግሞ እሷን ቆርጠሽ ነው ያነበብሻት፣ አትቆጪኝ። "ይሄ ምንድነው ግን?" ነው ያለችሽ እኮ፣ "ይኸው ናችሁ" አላለችሽም። ያቺ "ግን" ምን ማለት ናት? እኔ እንደሚገባኝ "አንቺን አምስት ዓመት አውቅሻለሁ፣ ይሄ ካንቺ ጋር አልሄደልኝም" ማለት ናት። ልታጠቃሽ ብትፈልግ ግሩፕ ላይ ትለጥፈው ነበር፣ ለብቻሽ ነው የላከችው።

የማቴዎስ 10:34ን "ሰይፍን እንጂ ሰላምን ለማምጣት አልመጣሁም" የሚለውን ልትልኪላት አስበሽ እንደነበር ደሞ አውቃለሁ፣ ሁላችንም ጋ ጋለሪ ውስጥ ተቀምጣለች። እንዳትልኪው! እሷም የሷን ትርጓሜ ትነግርሻለች፣ አንቺም አትሰሚያትም፣ ድንጋይ መወራወር ነው። ይልቅ ሌላ ነገር ልንገርሽ፣ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ መርጌታ ነበሩ፣ አባቴ ጋ ግቢው በር ላይ ቁጭ ብለው ያወጉ ነበር፣ አባቴ "ሁለት ቀውል አለ" ሲል እሳቸው ይስቁና "እኛ ጋ አንድም ነው የሚባል" ይሉት ነበር። የመጽሐፉን ቃል ሲተረጉሙ "አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው" እያሉ ሁለትም ሦስትም አራትም ይሄዳሉ። አንድምታ የሚባለው ትርጓሜ ያለው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናት ጓደኛሽ፣ "እኛ ውስጥ በዚህ አንቀጽ ላይ ሁለት ሦስት ንባብ አለ" ብትያት ካንቺ ካሰብሽው በላይ ቶሎ ይገባታል።

ደሞስ እናንተ ሁለታችሁ በሥጋ ቀን ምሳ ስትበሉ ምን ነበር የምታደርጉት? እሷ የሷን አንቺ ያንቺን፣ አይደል? ሥጋ ቤቱ በር ላይ ወይ መስቀል ወይ ጨረቃ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። ቁርኣን ግን ማኢዳ ቁጥር 5 ላይ የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለናንተ የተፈቀደ ነው ይላል፣ ሌላ ሀገር ያለ ስንት ሙስሊም በዛ አንቀጽ የክርስቲያን እርድ ይበላል፣ እዚህ መጥቶ የኛን ሲያይ ግራ ይገባዋል። እኛ እንዲህ ነው የኖርነው፣ እኔም አልበላም እውነቱን ለመናገር፣ ግን ይሄን ያመጣው አንቀጹ ብቻ እንዳልሆነ፣ ሀገሩም አብሮ እንዳነበበው አውቃለሁ።

ልዩነትን ሳይደብቁ ማውራት ነውር ቢሆን ኖሮ የነቢዩ የአጎት ልጅ ጃዕፈር ቀድሞ በተሸማቀቀ። እ.ኤ.አ. በ615 አካባቢ ወደኛ ሀገር ከተሰደዱት ጋር ሆኖ ነጃሺ ፊት ሱረቱ መርየምን ሲቀራ ንጉሡ አለቀሰ፣ ይሄን ሁላችንም እንወዳታለን። በማግስቱ ግን የቁረይሽ መልእክተኛ ተመልሶ "ስለ ዒሳ ምን እንደሚሉ ጠይቃቸው" ብሎ ነገር ሠራ፣ ለማጣላት። ጃዕፈር ያኔ "ሁላችንም አንድ ነን ጌታዬ" ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አላለም፣ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፣ ወደ መርየም የጣላት ቃሉና ከሱ የሆነ መንፈስ ነው ብሎ እንዳለ ነገረው። ንጉሡ ከመሬት ትንሽ ዱላ አንስቶ ዒሳ ካልከው በዚች ታህል አይበልጥም አለ። ከዛ ንጉሡ ሰልሟል አልሰለመም በሚለው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ እስከዛሬ ይለያያል፣ ነቢዩ ግን ሞቱን ሲሰሙ በሌለበት ሰግደውበታል፣ እሷንም ሶላት ደግሞ ሻፍዒይ ለሁሉም ትሆናለች ሲሉ ሐነፊና ማሊኪ ለነጃሺ ብቻ የተለየች ናት አሉ። አየሽ አያልቅም!

ፎቶ አንስተሽ ቁጥር 4፣ 5 እና 6ን አንድ ላይ ላኪላት፣ ከሥር ደግሞ በራስሽ አነጋገር አስተካክለሽ እንዲህ ጻፊ፦

"የኔ ቆንጆ፣ በቀደም ስለጮህኩብሽ ይቅርታ። ጠየቅሽኝ እንጂ አልሰደብሽኝም፣ እኔ ነኝ ስድብ አርጌ የሰማሁት። አንቀጹ አለ፣ አልክድሽም፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉትንም አንብቢያቸው። እኛም ውስጥ ብዙ ተብሎበታል፣ እኔ ለዛ ጦርነት ነው የሚሉትን ነው የምቀበለው፣ ሌላ የሚሉም አሉ። የቀረውን በአካል። ነገ ረቡዕ አይደል፣ ፆም ነሽ፣ ሽሮው በኔ ነው።"